ሦስት ሰሃን ፓስታ ያለ ሥጋ

ጅጅጋ ላይ የጣሊያን ምግብ ቤት መክፈት ድፍረት ነው። ከተማው ሁሉ ፓስታ በልቶ ነው ያደገው። መናኸሪያው ጋ ያሉት ቤቶች ምሳ ላይ ፓስታ ነው የሚያቀርቡት፣ ሠርግ ላይ ፓስታ አለ፣ ጎረቤቶቻችን ቤት በየቀኑ ፓስታ አለ። አንድ ሰውዬ ግን ብዙ ዓመት ጣሊያን አገር ኖሮ መጣና አስፋልቱ ዳር ቤት ተከራየ። ቀይና ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አነጠፈ፣ ያዘመመ ግንብ ሥዕል ሰቀለ፣ «ትክክለኛውን» ሊያበላን ተነሣ። ሁለት ሕግ ነበረው። በእጅ አይበላም፤ ፓስታ በሙዝ አይበላም። እኛ ዘንድ ደግሞ ፓስታ ያለ ሙዝ ማለት ሻይ ያለ ስኳር ማለት ነው። ስለዚህ ሰዉ ሙዙን በቦርሳው ይዞ ይገባ ነበር። ባለቤቱ ዞር ሲል ይላጣል፤ ሲመለስ ልጣጩ ጠረጴዛ ሥር ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስን ሰሞን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ነው። ሹካው አልታዘዝ ብሎኝ ግማሹን ፓስታ ቀሚሴ ላይ አፈሰስኩት። አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ አይተውኝ፣ «ልጄ፣ አምላክ አምስት ሹካ ሰጥቶሻል፤ ተጠቀሚበት» አሉኝ። ሆዴ እስኪቆስል ስቄ ወጣሁ። ለዚህ ይሆናል ያንን ቤት እንደ ደግ ቦታ የቆጠርኩት። ለዚህ ይሆናል ትልቁን ጉዳዬንም እዚያ የወሰድኩት።

ያኔ አንዲት የጨርቃጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሬ ዓመት ሆኖኝ ነበር። እኔም ሰዉም ኤዶ እንላታለን፤ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። ሀርሺን ከብት መሀል ያደገች፣ ጅጅጋ መጥታ በጨርቅ የከበረች ሴት ናት። ድሬዳዋ ሁለተኛ ሱቅ ልትከፍት ስትል፣ ቁልፉን የሚይዝ ሰው ፈልጋ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። እኔ ደግሞ ከተማው ጠቦኝ ነበር። ለልቅሶ እዚሁ አጠገባችን ደምበል ከመሄድ በቀር ወጥቼ አላውቅም። ድሬዳዋ ሲባል እግሬ ከእኔ በፊት ይነሣል።

እናቴ ግን፣ አይሆንም አለች። የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ናት፤ የተጻፈና የታተመ ካልሆነ አታምንም።

«የሴትዮዋ ዘመዶች ቤት ልታድሪ? ተሸፋፍነሽ ልትመጪብኝ ነው?»

«እማዬ፣ ዓመት ሙሉ ሱቋ ውስጥ ዋልኩ፣ ምን ሆንኩ?»

«መዋልና ማደር አንድ ነው? እዚያ ሄደሽ ብትሰልሚስ?»

ይህን ለኤዶ እንዴት ብዬ ልንገራት? «እናቴ ትንሽ ፈርታለች» አልኳት። ኤዶ ሳቀች። «እናት ካልፈራች ምኑን እናት ሆነች? እኔ ራሴ እለምናታለሁ። ምሳ እጋብዛታለሁ።» ቤቷ ካደረገችው እናቴ እንደማትገባ ስለማውቅ፣ ጣሊያኑ ምግብ ቤት ይሁን አልኩ። ተስማማች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እናቴ ሙስሊም ያረደውን አትበላም፤ ኤዶም ክርስቲያን ያረደውን አትነካም። ሰፈራችን ውስጥ ይሄ ጠብ ሆኖ አያውቅም። በዓል ሲሆን ለሙስሊም ጎረቤት በሙስሊም እጅ ለብቻው ይታረዳል፣ ድስቱም ለብቻው ነው፣ ሁሉም በልቶ ይሄዳል። ኤዶን አንድ ጊዜ «እናቴ ሥጋ አትበላም» ብላት በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን ያንን ካነሣሁ «አንቺስ?» መምጣቱ ነው። እኔ ከኤዶ ጋር ዓመት ሙሉ በየምሳው ከአንድ ትሪ ፍየል በልቻለሁ። እናቴ ይህን አታውቅም። ኤዶ ደግሞ እናቴ እንደማታውቅ አታውቅም።

ግብዣው ረቡዕ ይሁን አልኩ፤ ጾም ስለሆነ እናቴ ሥጋ ባትነካ ማንም አይጠይቅም። ኤዶ አልሰማችኝም። «ረቡዕ ከድንበር፣ ከውጫሌ ዕቃ ይገባልኛል። ሐሙስ።»

ሐሙስ ረፋድ ላይ ከሱቅ ወጥቼ ወደ ጣሊያኑ ቤት ሮጥኩ። ባለቤቱ ሹካ ይወለውል ነበር።

«የኤዶን ምሳ ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

«ጠዋት ደውላ ነግራኛለች እኮ።»

«ቀይራዋለች» አልኩት። ምን እንዳዘዘች እንኳን አልጠየቅኩም። «ለሦስታችንም በቲማቲም ብቻ። ሥጋ የሚባል ነገር እንዳይመጣ።»

«ኤዶ? እንግዳ ጠርታ ሥጋ እንዳይመጣ?»

«እሷ ናት ያለችው።»

ትከሻውን ሰበቀ። ተመልሼ ስሄድ ብልጠት የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ለቢሮ ስብሰባ የምትለብሰውን ልብስ ለብሳ መጣች። ኤዶ ቀድማ ደርሳ ነበር። ተነሥታ እጇን በሁለት እጅ ጨበጠቻት። «እህቴ፣ አንቺ ደህና ነሽ? ልጅሽ ጎበዝ ናት፤ አፏ ብቻ ነው የማያርፍ።» ኤዶ ለሁሉም ሰው «አንቺ» ነው የምትለው፣ ለከንቲባም ቢሆን «አንተ» ነው። እናቴ ግን «አንቺ»ን ስትሰማ ከንፈሯን ሰበሰበች። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንዴት ነዎት?» አለች፣ «እርስዎ» ላይ ጠበቅ አድርጋ። አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

ኤዶ ወደ ጉዳዩ በቀጥታ ገባች። እኔ የማድረው የእሷ እህት ልጆች ቤት እንደሆነ፣ ለብቻዬ ክፍል እንዳለኝ፣ እሑድ እሑድ ሱቁ እስከ እኩለ ቀን እንደሚዘጋ ነገረቻት። «ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፤ አስጠይቄያለሁ» አለች። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ አዎም አይደለም፣ አይሆንምም አይደለም። እኔ እጄን ጠረጴዛው ሥር እያሻሸሁ የወጥ ቤቱን በር አያለሁ።

ሦስት ሰሃን መጣ። ፓስታ በቲማቲም። ከላዩ አንዲት ቅጠል።

ኤዶ ሰሃኑን አየች፣ የእናቴን አየች፣ የእኔን አየች። ፊቷ ጠቆረ። ባለቤቱን ጠርታ መጀመሪያ በሶማሊኛ አወረደችበት፤ ከዚያ እኛ እንድንሰማ በአማርኛ ደገመችው። «ሰው ጋብዤ ባዶ ፓስታ? እኔን ልታዋርድ ነው? ምንድነው ጠዋት ያልኩህ?»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። «ልጅቷ መጥታ ቀይራዋለች አለችኝ። ኤዶ ናት ያለችው አለች።»

አጠገባችን ያሉት ሰዎች መብላት አቆሙ።

«እኔ ነኝ ያልኩሽ?» አለችኝ ኤዶ። ድምጿ ዝቅ ማለቱ ከጩኸቱ ባሰብኝ።

«አይ፣ አላልሽኝም።»

ወደ እናቴ ዞረች። «አንቺ ነሽ ያልሻት?»

እናቴ እኔን ማትረፍ ትችል ነበር። አላተረፈችኝም። «እኔ ምንም አላልኳትም። የእናንተን ሥጋ ግን አልበላም። ሲመጣ በራሴ አፍ ልነግርዎት ነበር።»

«አውቃለሁ! ስንት ዓመት ከክርስቲያን ጋር ነው የምነግድ፣ ይሄ ይጠፋኛል? ለአንቺ በቱና አዝዤ ነበር፤ ዓሣ እንደሆነ አይታረድም። ፍየሉ ለእኔና ለልጅሽ ነው፣ እንደ ሱቃችን።»

«እንደ ሱቃችሁ?» አለች እናቴ።

ኤዶ እናቴን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፤ ያኔ ሁሉም ገባት።

«ዓመት ሙሉ እበላለሁ» አልኩ። «ነገሩ እንዳይወጣ ፈርቼ ነው።»

እናቴ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገች። እንደማትቆጣ ሳውቅ ይበልጥ ፈራሁ። መነጽሯን መልሳ አደረገችና ለኤዶ ብቻ ተናገረች። «እኔ የመጣሁት አይሆንም ልል ነበር። እርስዎን ነበር የፈራሁት። ለእኔ ዓሣ ያሰበ ሰው ልጄን አይበድላትም። ይውሰዷት።»

ሕልሜ ተሳካ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል።

«እኔ ደግሞ አሁን አልወስዳትም» አለች ኤዶ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ድሬዳዋ እኔ የለሁም፣ አባዮ፣ እህቴ። እዚያ ቁልፍ የያዘ ሰው ‹ኤዶ ብላለች› ካለ፣ ኤዶ ብላ መሆን አለባት። ሥጋውን መተውሽ ምንም አይደል። በእኔ አፍ መናገርሽ ነው።»

ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር።

ከዚያ ቱናው መጣ፣ ፍየሉም መጣ። ኤዶ ከቦርሳዋ ሁለት ሙዝ አወጣች፤ ባለቤቱ ፊት፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ላጠች። እሱ ፊቱን ወደ ግንቡ ሥዕል አዞረ። አንዱን ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ ሙዙን በቢላ እንደ ካሮት ቆራርጣ ፓስታው ላይ አደረገችው፣ ቀመሰችው፣ «መጥፎ አይደለም» አለች። ሁለቱ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ውኃ መጥፋት ያወሩ ጀመር። እኔን ማንም አላየኝም። ቲማቲሙን በሹካ እየጠቀለልኩ፣ እየፈታሁ፣ እየጠቀለልኩ ቆየሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ መታጠፊያው ጋ ቆም አለች። ከዚያ፣ «ይጣፍጣል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ፍየሉ።»

«ይጣፍጣል።»

«እንዲህ ብለሽ መናገር እንዴት አቃተሽ?» አለችና ቀድማኝ ሄደች።

ድሬዳዋ ሌላ ልጅ ሄደች። ዕቃውን ጠቅልዬ ያሰርኩላት፣ መኪናው ላይ ያስጫንኩት እኔ ነኝ። መኪናው ሲነሣ አላለቀስኩም፤ ገመዱ የቆረጠኝን ጣቴን እየመጠጥኩ ነበር።

ግን ከዚያ ሐሙስ ማግስት ያለውን ምሳ ነው የማልረሳው። ዓርብ ነበር፤ የጾም ቀን። ትሪው እንደ ወትሮው መሀላችን ተቀመጠ፣ ሩዝና ፍየል። ኤዶ እጇን ዘርግታ በመሀል አቆመችው።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። ዛሬ ግን ጾም ነው፤ አልበላም።»

ዓመት ሙሉ አንድም ዓርብ እንዲህ ብያት አላውቅም። ኤዶ ሥጋውን ወደ ራሷ ሰበሰበች፣ ከቦርሳዋ ሙዝ አወጣችና ትሪው ላይ በእኔ በኩል አስቀመጠችው።