የአባ ዳማ ተተኪ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሩን ዘግቶ በረጅሙ ተነፈሰ። መብራት ጠፍቶበት አይደለም፤ ጨዋታው ነው ያስከፋው። በጎራዴ የሚዋጉበት፣ ከምንም ተነሥተው ጀግና የሚሆኑበት ጨዋታ ነው። ክፍል በክፍል ሲወጣ ልጅነቱን ሙሉ ተጫውቶታል። አሁን ሠሪዎቹ አቁመዋል፤ እሱም የሚተካው ሲፈልግ ያልሞከረው የለም።

«ኤሱማ፣ አንዱም አይተካውም» አለኝ። በእኛ አገር የእናት ወንድም እንዲህ ነው የሚጠራው። «በአዲሶቹ ብትሞትም ምንም አይቀርብህም። በድሮው ግን ሞት ያስፈራ ነበር።»

ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። እኔም አንድ ክረምት ተተኪ ፈልጌያለሁ።

ዘመኑ ደርግ፣ ከተማው ነቀምቴ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቶሌራ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር፤ እኔ ዘጠነኛ። የሰፈራችንን ጨዋታ የፈጠረው እሱ ነው። ጎራዴያችን ቀርከሃ፣ ጋሻችን የዘይት ቆርቆሮ ነው። ሁሉም ከእግረኛ ይጀምራል። ጀብዱ የሠራ ከቶሌራ የፈረስ ስም ይቀበላል፤ የጥንት የኦሮሞ ጦረኞች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበረው። የእሱ ስም አባ ዳማ ነበር። የተመታ ፈረሱንም ስሙንም ያጣል፤ ተመልሶ እግረኛ ነው። ጢም ያበቀሉ ልጆች ፈረሳቸውን አጥተው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

በየክረምቱ አዲስ ጦርነት ነበረን። መጀመሪያ የአኖ፣ ቀጥሎ የቢላ፣ ከዚያ የጊዳ አያና። ቢላንም ጊዳንም አንዳችንም ረግጠናቸው አናውቅም። ማንጎው ሥር ተጠልለን ጥብስ በቆሎ እየጋጥን ቶሌራ ሲያወራ ግን የቢላ ጭቃ እግራችን ላይ ይጣበቅ ነበር።

የሚቀጥለው የት እንደሆነ ሳይነግረን ወሰዱት። አብዮት ጥበቃዎች ከራት ላይ አነሡት። ጠዋት ወደ አኖ በሚወስደው መንገድ ዳር አገኘነው። ዝናብ ሲወርድበት አድሯል። አንድ ዐይኑ አልነበረም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች፤ ማልቀስ ክልክል ነበር። ከዚህ በላይ... አልችልም።

ከሳምንታት በኋላ ልጆቹ መጥተው ጨዋታው ይቀጥል አሉ። እኔም ፈለግሁ። ጨዋታው ካለ ቶሌራ ጨርሶ አልሞተም፤ እንዲህ ነበር የሚመስለኝ። ግን ማን ይምራው? እኔ ወሬ አላውቅበትም፤ ዛሬም አላውቅበትም።

መጀመሪያ ገመቹ መራ። ጉልበተኛ ነው። በእሱ ጦርነት ወሬ የለም፤ ዱላ ብቻ። የአንዱን ጥርስ አወለቀ፤ የእኔን ቅንድብ ተረተረው። ደሙ ፈሰሰ እንጂ ፈረሱን አጥቶ ያለቀሰ አልነበረም። ያኔ ሸምሱ «እኔ ልሞክር» አለ። ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ የከረመ የባለሱቅ ልጅ ነው።

«አንተ ስኳር መዛኝ!» አለው ገመቹ። «ፈረስህ ሚዛን ነው?»

«አዎ፣ ሚዛን ነው። አንተን አወጣሁበት፤ ገለባ ሆንክብኝ።»

ሳቅን። ከቶሌራ ሞት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር። ገመቹ ዱላውን አንሥቶ «አባ ዳማን የምተካው እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። እኛም ለሁለት ተከፍለን «ማን ይተካው? አባ ዳማን ማን ይተካው?» እያልን አካባቢውን አናወጥነው።

በመንገዱ አንድ አብዮት ጥበቃ ያልፍ ነበር። ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ የፈረስ ስም አያውቅም። በስውር የሚታገሉ ሰዎች የሐሰት ስም እንዳላቸው ግን ያውቃል። አባ ዳማ የሚባል መሪ ተገድሎ ተተኪ እየተመረጠ መሰለው። እኔን፣ ገመቹንና ሸምሱን በሰደፍ እየደቃ ቀበሌ አስገባን።

የቀበሌው ካድሬ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «አባ ዳማ ማን ነው?»

«የዚህ ወንድም ነበር!» አለ ገመቹ እያለቀሰ።

ካድሬው ፊቴን አየና ቶሌራን አስታወሰ። «እና ተተኪው?»

ጨዋታ ነው ልል አፌን ስከፍት በሰደፍ መቱኝ። ካድሬው ዐይኑን ከእኔ አልነቀለም። ያኔ ሸምሱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እሱ እግረኛ ነው። ስም የለውም።»

እጁንና እግሩን አስረው ቁልቁል አንጠለጠሉት። ወፌ ላላ ይሉታል። ውስጥ እግሩን እኛ እያየን ገረፉት፤ ቆዳው በጅራፉ እየተነሣ ይመጣ ነበር። «ተናገር! የት ልትመቱ ነው?» ሲሉት ተናገረ። እየጮኸ ቶሌራ ያልነገረንን ጦርነት ተረከላቸው። የሚሰበረውን ድልድይ፣ በጎርፍ የሚሻገሩትን ፈረሰኞች ሁሉ። ካድሬው ይጽፍ ነበር። ፈረሱ ክንፍ ሲያወጣ ግን እስክሪብቶውን ወረወረው። «እብድ ነው፤ አውጡልኝ!» አለ።

አባቱ በጀርባው አዝሎ ወሰደው። ሸምሱ ከዚያ ወዲህ ደህና አድርጎ አልረገጠም። ቀርከሃ ያነሣ ልጅም አልነበረም።

የእህቴ ልጅ ተከትሎኝ ወጥቶ ነበርና ይህን ሁሉ ነገርኩት።

«ፈረሱ ክንፍ ካወጣ በኋላስ፣ ኤሱማ?»

አላውቅም። ከሸምሱ ጋር ያን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ሆነን ኖረን አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው መልሼ የምሰቅለው ይመስለኝ ነበር። እንዴት እንደሚያልቅ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ አምና ቀበርነው።