በፀሐይ መግቢያ በኩል

ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ሚዛን ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ መስኮቷ ወደ ጋራው በምታይ ጠባብ ክፍል ውስጥ። የሚመጣውን ደብዳቤ «ገቢ»፣ የሚሄደውን «ወጪ» ብዬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ማህተም መትቼ ፋይል ውስጥ አስገባለሁ። ሥራው አይከብድም፤ አለቆቼም ክፉዎች አልነበሩም። ግን ጠዋት ስገባ ራሴን ደጃፍ ላይ ከጃንጥላዬ ጋር አስቀምጬ የምገባ ይመስለኝ ነበር። ማታ ስወጣ አንስቼው እሄዳለሁ። አንዳንድ ቀን ጃንጥላውን ብቻ ይዤ እወጣለሁ።

ሰው ሥራውን ይወዳል ሲባል ለወግ ያህል የሚባል ነገር ይመስለኝ ነበር። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት ተመድበው መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ጥሩ ሥራ ማለት ወንበር ያለው ሥራ ነው። እኔም ወንበር ነበረኝ። እዚያ ላይ ተቀምጬ ጉሙ ከጋራው ሲወርድ፣ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን አንድ በአንድ ሲሸፍን፣ ከዚያ ደግሞ አንድ በአንድ ሲገልጣቸው አያለሁ። ስልክ ሲጮህ እባንናለሁ።

የባለቤቴ እናት ቴፒ አጠገብ የጫካ ቡና አላቸው፤ ከዋናው መንገድ በሞተር ግማሽ ሰዓት ይገባል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የያዙት። በዚያ ዓመት አንድ ትልቅ ዋንዛ በነፋስ ወድቆ ከሥሩ የነበረውን ቡና ሁሉ ደፈጠጠው፤ ጥቅጥቅ ባለው ጫካ መሃል ሰማይ የሚታይበት ገላጣ ቦታ ተከፈተ። በዚያው ሰሞን የአማቴ ጉልበት አብጦ መራመድ አቃታቸው። ለባለቤቴ ስልክ አስደወሉና፣ በዚህ ክረምት ገላጣው ቦታ ካልተተከለ ማሳውን ለጎረቤት ሰጥቼ እናንተ ዘንድ እመጣለሁ አሉት።

ባለቤቴ «ይምጡና ይረፉ» አለ። እኔ ግን አንድ ጊዜ ሚዛን አጠገብ፣ አማን የተከራየነው ቤት መጥተው ሦስት ቀን እንዴት እንደሰነበቱ አልረሳሁም። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ባጃጆቹ ሲመላለሱ ያዩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ እኔ ዞረው «እዚህ አገር ቀኑ የሚመሸው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ቢሮ ሆኜ እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ባለቤቴ መምህር ስለሆነ ሰኔን ከፈተና መላቀቅ አልቻለም። ዓመት ፈቃድ የነበረኝ እኔ ነኝ። ሄድኩ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አማቴ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ወቅጠው ያፈሉትን በቅል ሰጡኝ፤ እዚያ አካባቢ ሰው እሱን ሳይጠጣ ሥራ አይጀምርም። ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ገጀራ አቀበሉኝና «ከቡናው ሥር ያለውን አረም አጽጂ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ጽዳት ላይ ቀልድ አላውቅም። ጠረጴዛዬ ላይ እንኳ ደብዳቤ ዘንበል ብሎ ሲቀመጥ ያንገበግበኛል። ከቡናዎቹ ሥር ያገኘሁትን አረንጓዴ ነገር ሁሉ ነቀልኩ። መሬቱ ረጥቦ ስለነበር ከነሥሩ ሙልጭ ብሎ ይወጣል። እኩለ ቀን ሲሆን ሥፍራው ልክ እንደተጠረገ ቢሮ ሆነ፤ የነቀልኩትን አንድ ላይ ከምሬ፣ ወገቤን ይዤ፣ በራሴ ተደስቼ ቆምኩ።

አማቴ በምርኩዝ እያነከሱ መጡ። ቦታውን አዩ። ክምሩን አዩ። ቀስ ብለው ተቀመጡና አንዷን ቅጠል መዝዘው «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አረም ነዋ፣ እማዬ።»

«ቡና ነው፣ ልጄ።»

ፍሬው ከእናቱ ሥር ወድቆ በራሱ የበቀለ ችግኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይነኩ ያሳደጉት፣ ዋንዛው ከወደቀ በኋላም ተስፋ ያደረጉበት፣ ለዚያ ገላጣ ቦታ የታሰበው ችግኝ። አሥራ ምናምን ዓመት የተማርኩ፣ ቡና አገር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ቡናን ከአረም አልለየሁም። መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ።

አልጮኹብኝም። ሻሻቸውን ከራሳቸው ላይ ፈተው በተጋለጡት ሥሮች ላይ ጣል አደረጉና «ውሃ አምጪ። ጭቃ አቡኪ። ኮባ ቁረጪ» አሉኝ። እስኪመሽ ድረስ ችግኙን ከአረሙ ስንለይ፣ ሥሩን ጭቃ ስናለብስ፣ በኮባ ቅጠል ስንጠቀልል ዋልን።

በማግስቱ መትከል ጀመርኩ። አማቴ አንዷን ተክለው አሳዩኝ፦ በሾለ እንጨት ጉድጓድ መማስ፣ ሥሩ ሳይታጠፍ ቀጥ አድርጎ ማስገባት፣ አፈሩን በመዳፍ መጫን። መጨረሻ ላይ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ቆርጠው ለጥላ እንዲሆናት አጠገቧ አዘንብለው ሰኩ። «በፀሐይ መግቢያ በኩል ይሁን» አሉኝ። «የጠዋቱ ፀሐይ ወዳጅ ነው። የከሰዓቱ ነው የሚገድላት።» እሺ አልኩ። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት። ነገር ግን ዳገቱን ሽቅብ፣ ፊቴን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጌ ነበር የምተክለው፤ እጄም ቅርንጫፉን ከፊቴ መሰካት ለመደ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሲሄድ እጄ የፈለገውን ይሠራል።

ሐሳቤ የት እንደሄደ ብጠየቅ ግን አላውቅም። ጫካ ውስጥ ዝናብ ከላይ ነው የሚጀምረው። ከራሴ በላይ ቅጠሉ ሲንሾካሾክ እሰማለሁ፣ እኔ ግን ገና ደረቅ ነኝ። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ የመጀመሪያዋ ጠብታ ማጅራቴ ላይ ትወድቃለች። ከላይ ካባራ በኋላም ከታች መዝነቡን አይተውም። በዚያ መሃል አሁን ይዘንባል ወይስ ቆሟል ማለት አይቻልም፤ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት ማለትም አይቻልም። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ነጭ ጭራቸው በጉሙ ውስጥ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ጭቃው ቀዝቃዛ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ አፈሩ ይሞቃል። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ሲያንጎራጉር ሰማሁና ማን መጣ ብዬ ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም። እኔው ነበርኩ።

ደስ አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሥራ እየሠራሁ እንዲያ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ፈቃዴ አልቆ ቢሮ ስመለስ ጥፍሬ ሥር ያለው ጭቃ አልለቅ ብሎ ገቢ ደብዳቤዎቹ ላይ አሻራ ይተው ነበር። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ቴፒ መሄድ ያዝኩ። ስደርስ ወደ ቤት ሳልገባ በቀጥታ ወደ ገላጣው ቦታ እሮጣለሁ። ችግኞቹ በሙሉ ቆመዋል። በየሳምንቱ እንዲያው ለምለም ናቸው። በተሳሳተ እጅ የተነቀሉ፣ ፀሐይ የመታቸው ችግኞች! ኩራት ተሰማኝ። ቢሮ ውስጥ አብራኝ ለምትሠራው ሴት «እጄ የተባረከ ነው» እላት ጀመር። እሷም ጓሮዋ ጎመን እንድተክልላት ለመነችኝ። ባለቤቴም ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶት ነበር መሰለኝ፣ አንድ ማታ ራት ላይ «አስቢበት እንጂ» ብቻ አለኝ።

አሰብኩበት። መስከረም መጨረሻ ላይ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። እጅ የተባረከለት ሰው ወንበር ላይ ምን ይሠራል ብዬ ነው። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ መጀመሪያ ለአማቴ ልንገር ብዬ ቅዳሜ ሄድኩ።

የቀሩትን ጥቂት ክፍት ቦታዎች ልንሞላ ነበር። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ገላጣው ግርጌ ተቀምጠን የተቀቀለ ጎደሬ እንበላለን። ጠዋቱ ጠርቷል፤ እኔ እንደልማዴ ፈዝዤ ዳገቱን ሽቅብ አያለሁ። ለጥላ የተሰኩት ቅርንጫፎች ቅጠላቸው ረግፎ እንጨታቸው ብቻ ቀርቷል። ቅጠሉ ሸፍኖት የኖረውን ያን ጊዜ አየሁት። ጥቂቶቹ እንጨቶች የተሰኩት በፀሐይ መውጫ በኩል ነው። የቀሩት፣ ብዙዎቹ፣ በፀሐይ መግቢያ በኩል።

እጄን አሰብኩት። ሽቅብ ስወጣ፣ ከፊቴ፣ ሁልጊዜ ከፊቴ።

«እማዬ፣ እነዚህን ማን ተከላቸው?»

ጎደሬያቸውን መላጥ ቀጠሉ። «ሐምሌ ላይ ዝናቡ ስምንት ቀን ጠፋ» አሉ። «ያንቺዎቹ ደረቁ። የደረቀውን ቅዳሜ ሳይደርስ እተካ ነበር።»

«ሁሉም?»

በአገጫቸው ወደ ፀሐይ መውጫ የተሰኩትን ጥቂት እንጨቶች አሳዩኝ። «እነዚያ ቀሩ።»

«ችግኙስ ከየት መጣ? እኔ የነበረውን ሁሉ ነቅዬው የለ?»

«ከወንዙ ማዶ።»

ወንዙ ማዶ እኔ እንኳ በደህና ጉልበቴ ስወርድ የምንሸራተትበት ቁልቁለት ነው። «በዚያ እግር?»

«ተቀምጬ ነዋ» አሉ፣ ቀላል ነገር እንደሆነ ሁሉ። ታዩኝ። አራት አራት ችግኝ በሻሻቸው ቋጥረው፣ ጭቃው ላይ እየተንፏቀቁ፣ ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ ዳገቱን ሲወጡ። እኔ ሚዛን ተቀምጬ ስለ ተባረከው እጄ ሳወራ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው የተናደድኩት። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ቅዳሜ መጥተሽ ደርቆ ብታዪው ኖሮ፣ በሌላው ቅዳሜ ትመጪ ነበር?»

አልመጣም ነበር። አፍሬ፣ አልቅሼ፣ ወንበሬ ላይ ተመልሼ እቀመጥ ነበር። እሳቸውም አማን በረንዳ ላይ ይቀመጡ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ አሰብኩት። የጻፍኩበት ምክንያት ውሸት ሆኗል፤ እጄ አልተባረከም፤ የተከልኩት አብዛኛው ሞቷል። ቅደጂው ብሎ የሚነግረኝን ሐሳብ ጠበቅኩ። ጠብቄ ጠብቄ ዝቅ ብዬ ሳይ እጄ እኔን ሳያማክር አጠገቤ ካለችው ችግኝ ሥር ሣር እየነቀለ ነው። ያወጣውን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ አየሁት። አረም ነበር።

አማቴ ማቀርቀሬ ሌላ ነገር መስሏቸው ነው መሰለኝ ጎደሬውን አስቀመጡት። ሁለት ዓመት ያሳደጉትን ስነቅልባቸው ያላየሁትን ፍርሃት ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ አየሁ።

«የዛሬ ሳምንት ትመጫለሽ?» አሉኝ።

«የዛሬ ሳምንት ድረስማ አልቆይም» አልኩ። «ሰኞ አንድ ገቢ ደብዳቤ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ማክሰኞ እመጣለሁ።»

የምን ደብዳቤ ነው ብለው አልጠየቁኝም። በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ፣ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ቆርጠው አቀበሉኝ፤ ችግኟን ተክዬ በየት በኩል እንደምሰካው እስኪያዩ ድረስም ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አላነሱም።