የትጥቅ ትግላችን ብቸኛ ጠመንጃ

ባሌ ያንን ጠመንጃ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሲገባ፣ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ያለችው ጠባብ አፓርታማችን ውስጥ የትጥቅ ትግል ከተጀመረ ዓመት አልፎት ነበር። ትግሉ የሚካሄደው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የእኔ ሶፋ ላይ ነው። ሰባት ስምንት ተማሪዎች ከሳን ሆዜና ከሄይዋርድ ይመጣሉ፣ ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ ገበሬውን ነጻ ያወጣሉ፣ ስኒውን እዚያው ጥለው ይሄዳሉ። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኛ ቤት ግን ከወረዱ ቆይተዋል። ከሁሉም አንድ ሰው ብቻ፣ ድምፁ የማይሰማ የስታቲስቲክስ ተማሪ፣ ሳይጠየቅ ተነሥቶ ስኒዎቹን ያጥብልኝ ነበር።

ወሬ ሆኖ ቢቀር ግድ አልነበረኝም። ባሌ ግን በአንዱ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ "ከእኛ መካከል ቀድሞ አገር ቤት ገብቶ ጫካ የሚገባው እኔ ነኝ፤ መተኮስ ብቻ ልልመድ" አለ። ተጨበጨበለት። ልጃችን ገና መዳህ መጀመሯ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምመኘው አንድ ነገር ሆነ፤ እንዳይሄድ።

ጠመንጃውን ያገኘው ሳን ሆዜ፣ እሑድ እሑድ በሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። "አንቲክ ስለሆነ ወረቀት ምናምን አይጠየቅም" አለኝ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጠና እንባው መጣ።

"ውጅግራ ነው! የአያቴ ጠመንጃ እኮ ነው! እዚህ ድረስ መጥቶ አገኘኝ።"

የባሌን አያት አውቃቸዋለሁ። የደብር አለቃ ነበሩ። በሕይወታቸው የጨበጡት ትልቁ መሣሪያ መቋሚያ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አጀንዳው ሁሉ ተረሳ። አንዱ ምንሽር ነው አለ። ሌላው አባቱ ሲፎክሩ ከሰማው ተነሥቶ፣ የለም፣ ለበን ነው ብሎ ሊጣላ ደረሰ። እየተቀባበሉ ምንጣፌ ላይ ፎከሩ፤ አንዱማ መብራቱን በአፈሙዙ መታብኝ። ባለፈው ሳምንት ፉከራ የፊውዳል ባህል ቅሪት ነው ብለው በድምፅ ብልጫ የወሰኑት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ተራ በተራ ዓይናቸውን አፈሙዙ ላይ ደቅነው ወደ ውስጥ አዩ። ምን እንዳዩ እንጃ፤ ሁሉም እንደሚያውቅ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነበር የምሠራው። ነገር ሳይመረመር ስም ሲወጣለት ያናድደኛል።

"ውጅግራ ከሆነ፣ ጥይቱን በየት በኩል ነው የሚጎርሰው?" አልኳቸው።

ባሌ ጠመንጃውን ገልብጦ ጥይት የሚገባበትን የኋላውን በር መፈለግ ጀመረ። አጣው። ካቻቢቴ አመጣ፤ አሁንም አጣው። በር የሚባል ነገር አልነበረውም። ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሼ እንዳነበብኩት፣ ይህ ጠመንጃ የሚጎርሰውም የሚተፋውም በአንዱ አፉ ነው። ባሩዱ በአፈሙዙ ይፈስሳል፤ ድብልብሏ የእርሳስ አረር በቅባት ጨርቅ ተጠቅልላ በዘንግ ወደ ታች ትገፋለች። ከኋላ አንዲት ቀጭን ቧንቧ አለች፤ እሷ ላይ ሲመቱት የሚፈነዳ ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋል። መዶሻው ቆቡን ሲመታ እሳቱ በቧንቧዋ ገብቶ ባሩዱን ያቀጣጥለዋል። ውጅግራ ከመሠራቱ በፊት የነበረ ጥበብ ነው።

መጽሐፉ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ፈትሹ ይላል። ዘንጉን በአፈሙዙ እስኪቆም አስገብቼ ከአፉ ላይ ምልክት አደረግሁበት። አውጥቼ ከውጭ በኩል ስለካው፣ ቧንቧዋ ዘንድ ሳይደርስ ሦስት ጣት ያህል ቀረው። ከሥር የተቀመጠ ነገር አለ ማለት ነው። ጎርሷል! ማን እንዳጎረሰው፣ ምን ሊገድልበት እንደነበር እግዜር ይወቀው። ባሌ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ውሃ ሞልቼበት ባሩዱ ጭቃ እስኪሆን ጠበቅኩና አረሯን ጫፉ ጥምዝ በሆነ ዘንግ ስቤ አወጣኋት። ጠመንጃው ተኩሶ ቢሆን ኖሮ የትግሉ አመራር ምንጣፌ ላይ ባለቀ ነበር።

ብረቱን ከእንጨቱ ለይቼ ሳጸዳው ከላዩ ላይ የሠሪው ስምና ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ያለች ከተማ ስም ወጣ። የገበሬ ጠመንጃ ነው፤ ሽኮኮና አጋዘን ማደኛ። ውቅያኖስ የሚባል ነገር አላየም። ባሌ እራቱን በላ። ሲጨርስ እጁን እየጠረገ፣ "ቢሆንም የገበሬ መሣሪያ ነው" አለ። "ክላስ ካራክተሩ፣ የመደብ ባሕርዩ፣ ትክክል ነው።" ቅዳሜ ይህንኑ አቅርቦ ጸደቀለት።

የተሰነጠቀውን ሰደፍ በሙጫ አጣበቅኩ። የተደፈነችውን ቧንቧ በአዲስ ቀየርኩ። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እንዳይነኩብኝ ከለከልኩ፤ ቡናማው ቀለም ዕድሜው ነው። የተኩስ ልምምዱ ቀን ሊደርስ ሲል እኔ ላብራቶሪ ዋልኩና ባሌ የድርሻዬን ላበርክት አለ። "አባቶቻችን ነፍጣቸውን የሚያሹት በቅቤ ነው" ብሎ ከሱቅ ቅቤ ገዝቶ፣ አቅልጦ፣ ውስጡንም ውጭውንም አጠጣው። ከሳምንት በኋላ ጨርቅ አስገብቼ ባወጣ በርበሬ የመሰለ ዝገት ይዞ መጣ። የአሜሪካ ሱቅ ቅቤ ጨው አለው። የአባቶቻችን የለውም። ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማረው ስለ ብረት ነው!

እዚያው ልተወው እችል ነበር። ጠመንጃው ከዛገ ልምምድ የለም፣ ልምምድ ከሌለ ጫካ የለም። ግን የሠራሁትን ሥራ በጨው ሲያበላሹብኝ መቻል አልሆነልኝም። በፈላ ውሃና በብሩሽ ፈግፍጌ አወጣሁትና በራሴ ንጥር ቅቤ አሸሁት። ከኮሰረትና ከኮረሪማ በቀር ምንም የለበትም።

ተኩሱ እሑድ ጠዋት ሆነ፣ ከሳን ሆዜ ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ፣ የድሮ ጠመንጃ ወዳጆች በሚሰበሰቡበት። በሁለት መኪና ሄድን። ለዒላማ የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን አንጠለጠልንና ባሌ ቆመ። ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ያዞር ነበር። ነጭ ጭስ ወጣ፤ ሰፈሩ ሁሉ ዶሮ ወጥ ሸተተ። እንደ ጥንት አዳኞች ዘርፋም ቆዳ የለበሱ አሜሪካኖች ምሳ ምንድን ነው እያሉ መጡ። ክዳኑ አልተነካም። ነፋሱ ነው አለ። ደግሞ ተኮሰ፤ ማነጣጠሪያው ተጣሟል አለ። "አንተስ ሞክር" ብሎ ለማንም ሳይሰጥ እየደጋገመ ሰማዩን ሲደበድብ ቆየና በመጨረሻ ተናዶ ወደ እኔ ገፋው።

"ያንቺ ሥራ ነው፣ ቼክ አድርጊው።"

አጎረስኩ፣ ቆቡን ደፋሁ፣ ዓይኔን ሳልጨፍን ሳብኩ። ክዳኑ ተሽከረከረ። ከመሀሉ ትንሽ ወደ ግራ ተበሳ። ማንም አላጨበጨበም። አንዱ ብቻ፣ ግማሽ በቀልድ፣ "እንግዲህ እህታችን ናት መሄድ ያለባት" ሲል ባሌ ቶሎ ብሎ፣ "ልጅቷን ማን ይይዛል?" አለ። ይህ ጥያቄ መኖሩን ያስታወሰው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የስታቲስቲክስ ተማሪው ቀረብ አለኝ።

"እህቴ፣ ትከሻ ያማል?"

"ትንሽ።"

"እኔም አንድ ጊዜ ልሞክር?"

የባሩዱን ቆርቆሮ ነቀነቅኩት። ባዶ ነበር። "ለሚቀጥለው" አልኩት። "ምንም አይደል" ብሎ ጨርቆቹን መልቀም ጀመረ። የሚቀጥለው አልመጣም፤ ባሌ ጠመንጃው ቅርስ ነውና ከእንግዲህ አይተኮስበትም ብሎ ወሰነ።

ንጉሡ ወረዱ። ባሌ ሁኔታዎች ገና አልበሰሉም አለ፤ ተመረቀ፣ ሳኒቬል ሥራ ያዘ፣ ኩፐርቲኖ ቤት ገዛን። የተመኘሁት ሆነልኝ፣ ደስም ብሎኛል። የስታቲስቲክስ ተማሪው ግን ትምህርቱን አቋርጦ ሊሰናበተን መጣ። ሻይ ጠጣ፣ ስኒውን አጠበ፣ ሄደ። ጫካ ገባ የሚል ወሬ ሰማን፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልመጣም።

ጠመንጃው ዛሬ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል፣ ክዳኑም ከጎኑ። እንግዳ ሲመጣ ባሌ የአያቴ ውጅግራ ነው ይላል። የልጅ ልጃችን የክዳኑን ቀዳዳ እያሳየች፣ "ግራንድፓ፣ ዲድ ዩ ሹት ዛት?" ስትለው፣ "አዎ የኔ ልጅ፣ በአንድ ጥይት መታሁት" ይላታል። በዚህ አልከፋም፣ ክዳኑን ይውሰደው። ጡረታ የወጡት ጓዶቹ መጥተው፣ ያንኑ ሶፋ ሞልተው፣ "ቁርጠኝነት አልጎደለንም፣ የጎደለን ትጥቅ ነው" ሲሉ ነው ተነሥቼ ወደ ኩሽና የምሄደው። ያ ሰው ጫካ የገባው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይተኩስ ነው። ባሩዱን ባሌ ሰማይ ላይ ጨርሶት ነበር።