ሰባት ሰው ያስመረጠው ጫማ

በጃንሆይ ዘመን መርካቶ ውስጥ ለሕዝብ ድምፅ እንደ እኔ የታገለ ሰው ካለ ስሙን ጥሩልኝና ሄጄ ጉልበቱን ልሳም። ሰባት ሰዎች የፓርላማ ተወካያቸውን የመረጡት በእኔ ጫማ ቆመው ነው። ለአነጋገር ያህል አይደለም፤ በእውነተኛው፣ ማሰሪያ ባለው ቡኒ ጫማዬ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ፀጉሬ ወደ ኋላ ሸሽቶ ሊያልቅ ምንም አልቀረው፤ ምርጫ የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ግን ያ ቀን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ጎጃም በረንዳ አንድ የቅቤ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ቅቤውን ከመኪና የሚያወርዱልን ስምንት ተሸካሚዎች ነበሩ። ሁሉም ተመዝግበው የምርጫ ወረቀታቸውን እንደ ክታብ ደረታቸው ውስጥ ሸጉጠዋል። የሚመርጡትም ሰው ታውቋል፤ ለሰፈራቸው የቦኖ ውኃ አስገባለሁ ያለውን አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ከሁሉም ይበልጥ ነገሩ የቆረቆራቸው የተሸካሚዎቹ አለቃ ጋሼ ባዩ ነበሩ። ባለቤታቸው ጉልበቷን እያመማት ውኃ የምትቀዳው አብነት ድረስ ወርዳ ነው። ጋሼ ባዩ ለምርጫው ብለው ጋቢያቸውን አሳጥበዋል።

የነጋዴው ተፎካካሪ የሰፈሩ ባለ መሬት ፊታውራሪ ናቸው። ታዲያ የምርጫው ጣቢያ የት ቢሆን ጥሩ ነው? ፊታውራሪው ግቢ ውስጥ! ምክንያቱ "ሰፊ ነው" ተባለ። እርግጥ ነው ሰፊ ነው፤ ከበሩ እስከ ሳሎኑ ለመሄድ ስንቅ ያስይዛል። በመኪና ለመጣ ሰው ወንበር ይሳብለታል፣ ለስላሳ ይከፈትለታል። በእግሩ ለመጣው ደግሞ ዘበኛ ተመድቦለታል።

ክረምቱ ገብቶ ነበርና መርካቶ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ምሳ ከበላን በኋላ ዘጠኝ ሆነን በሩ ላይ ደረስን። እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ካፖርት የለበሰው ዘበኛ ፊታችንን አላየም፤ በቀጥታ እግር እግራችንን ነው ያየው።

"በባዶ እግር መግባት የለም!"

"የማን ሕግ ነው?" አልኩት።

"የምንጣፉ። ተነጥፏል፣ ጭቃ አይገባም።"

"ወረቀት እኮ አላቸው።"

"ወረቀታቸውን ይጫሙታ!"

ስምንቱም ባዶ እግራቸውን ናቸው። ባለ ጫማ እኔ ብቻ ነኝ። እያጉረመረምኩ ገባሁ፣ መረጥኩ፣ በጓሮ በር ወጣሁ፤ አንድ ጊዜ ለማንጠስ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀብኝም። ጓሮው ግን ዘበኛ የለውም። በቆርቆሮው አጥር ዙሬ ወደ ሰዎቼ እስክመለስ ድረስ ዘዴው መጣልኝ። ዘበኛው ወደማያየን የአጥሩ ጥግ ወሰድኳቸውና ጫማዬን አውልቄ ለመጀመሪያው ተሸካሚ ሰጠሁት።

"ግባ፣ ምረጥ፣ በጓሮ ውጣ፣ አውልቅ፣ ለሚቀጥለው አቀብል።"

የመጀመሪያው እንቁላል ላይ የሚሄድ ይመስል እየተንገዳገደ ገባ። ሁለተኛው ግራና ቀኙን አቀያይሮ ተጫምቶት ነበር፤ ዘበኛው ግን ጫማ መኖሩን እንጂ አቅጣጫውን አልመረመረም። በአምስተኛው ላይ ዓይኑን አጥብቦ፣

"ዛሬ ሰዉ ሁሉ ቡኒ ጫማ ነው እንዴ?" አለ።

"ከአንድ ሱቅ ነው የገዛነው ጌታዬ" አለው ተሸካሚው ፍርጥም ብሎ።

እኔ ጭቃ ውስጥ በካልሲ ቆሜ እየተንቀጠቀጥኩ ነው፤ ደረቴ ግን ከፊታውራሪው ግቢ ሰፍቷል። ሰባተኛው ሰው ወጣ። ጣቢያው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነውና ትንሽ ጊዜ ቀርቶናል። "ልጆቹ ይቅደሙ" ብለው ወደ ኋላ የቀሩት ጋሼ ባዩ ብቻ ነበሩ የቀሩት።

የጋሼ ባዩ እግር በጫማ ቁጥር የሚለካ አልነበረም፤ በጋሻ መሬት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሸክም የተሸከመ እግር ነው፤ ጣቶቹ እንደ ተጣላ ቤተሰብ ተራርቀዋል። ገፋን፣ አልገባም። እዚያው ቅርብ ካለው መጋዘናችን ቅቤ አምጥተን ተረከዛቸውን ቀባን። እስከ ግማሽ ገብቶ ቀጥ አለ።

ከበሩ ላይ ዘበኛው "ሊዘጋ ነው!" እያለ ይጮሃል።

ጋሼ ባዩ ጫማውን አገላብጠው አዩትና ቀስ ብለው፣

"ልጄ፣ ተረከዙ ላይ ትንሽ ሰንጠቅ ብናደርገው እኮ ይገባልኛል" አሉኝ።

አንዱ ተሸካሚ የጆንያ መቅደጃ ቢላውን አወጣ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጫማው ከተገዛ ሦስት ሳምንቱ ነው። እሁድ ደግሞ ተጫምቼው የምሄድበት ቦታ ነበረኝ።

"ጋሼ፣ የሰው ጫማ ነው። ተውሼ ነው" አልኳቸው።

ጋሼ ባዩ ደነገጡ። "ውይ፣ የሰው ከሆነማ እንዴት ይነካል?" አሉና እግራቸውን አወጡ። የቀባናቸውን ቅቤ በጋቢያቸው ጫፍ ከጫማው ላይ ጠረጉልኝ። "እንኳን ነገርከኝ፣ ከሰው ላጣላህ ነበር" ብለው መረቁኝና በባዶ እግራቸው ወደ አውቶቡስ ተራ ወረዱ። ወረቀቱን ደረታቸው ውስጥ መልሰው ሸጉጠውታል።

ፊታውራሪው ተመረጡ። የጋሼ ባዩ አንድ ድምፅ ምንም አይለውጥም ነበር እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬያለሁ። ዘበኛውም አንድ ሰው በአንድ በር ላይ ሲመልስ የሚያስበው ይህንኑ ይመስለኛል።

ይህን ገጠመኝ በየሰርጉና በየለቅሶው ድንኳን ስተርክ ኖሬያለሁ። ሰው እስኪያነባ ይስቃል። ሰባተኛው ሰው ሲወጣ ግን ሁልጊዜ እዚያው አቆማለሁ። የቀረውን ዛሬ ነው የጻፍኩት። ጫማው የእኔው ነበር። ጋሼ ባዩን በመጨረሻ የመለሳቸው ዘበኛው አይደለም፤ እኔ ነኝ።