ቀሪቦ በጽዋ

ባሌን አረቄ ገደለው ይላሉ። ቆቦ ውስጥ እስካሁን የሚያስታውሰው ሰው ካለ የሚያስታውሰው እንዲሁ ነው፤ ከዘመቻ አንካሳ ሆኖ የተመለሰ፣ መኪና መንገዱ ዳር ሱሪ የሚሰፋ፣ ጠጥቶ የሞተ ሰው። እኔ ግን አረቄውን ጥሎ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ያየሁበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ማን እንደቀማኝም አውቃለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ አብዛኞቹ አልፈዋል፣ ነፍስ ይማር። ንዴቴ ግን አላለፈም።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ያ ትልቁ ድርቅ ገና ሳይመጣ። ቀበሌው ለሚሊሺያ መልምሎ ሲወስደው ባሌ አረቄ በአፉ ዞሮ አያውቅም ነበር። ሲመለስ እግሩ ውስጥ የቀረ የቦምብ ፍንጣሪ ነበረው፤ ሌሊት ተነስቶ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ቀን ቀን ወደ ሰሜን የሚያልፉትን የወታደር መኪኖች ድምፅ ሲሰማ መቀሱን አስቀምጦ ይወጣል። የሚሄደው አረቄ ቤት ነው። መጀመሪያ ለእንቅልፍ ነው አለኝ፣ ቀጥሎ ለእግሬ ነው አለኝ፣ በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወው። ደንበኛ ጨርቁን አምጥቶ ሳይሰፋለት ወር ያልፋል። እጁንም ያነሳብኝ ነበር፤ ስለሞተ አላሳምረውም።

አንድ ማለዳ ማንም ሳይነግረው ተነስቶ ጋቢውን ለብሶ ወጣ። ከተራራው ሥር ወዳለው ጸበል ነበር የሄደው። እዚያው ሰንብቶ ሲመለስ ከስቷል፣ ዓይኑ ግን የድሮው ዓይኑ ነበር። የንስሐ አባታችን ስግደት ሰጡት፣ መቁጠሪያም ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡት። መቁጠሪያውን ስፌት መኪናው ላይ ያንጠለጥለዋል። ጥሙ ሲመጣበት፣ ደንበኛ ፊቱ ቆሞም ቢሆን፣ ይቅርታ ብሎ ይነሳና ያንን አንካሳ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ ይሰግዳል። አንዳንዱ ይስቅበት ነበር። የቀበሌው ካድሬ ደግሞ በስብሰባ ላይ ጸበልና ስግደት የኋላቀርነት ምልክት ነው ብሎ ባሌን በስሙ ጠርቶ አሳፈረው። ይህ ካድሬ ማታ ማታ የት እንደሚያመሽ ባሌ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ስንት ቀን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ግን አላጋለጠውም።

ጠዋቱና ቀኑ እንዲህ አለፈ። የከበደው ማታው ነው። ፀሐይ ከምዕራቡ ገደል ኋላ ስትገባ፣ አረቄ ቤቶቹ ኩራዝ ሲለኩሱ፣ መቀመጥ ያቅተዋል። ደጃፉ ላይ ይወጣል፣ ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል። ይህን ያየው አጥር የሚያዋስነን ጎረቤታችን ነው። ሽማግሌ እስላም ነው፣ አፋሮች በግመል የሚያመጡትን ጨው ተቀብሎ የሚሸጥ፣ ሲናደድ ብቻ በኦሮምኛ የሚራገም። አንድ ምሽት ከአጥሩ ማዶ ጠራው።

«ና ልጄ፣ እኔ ዘንድ ተቀመጥ። አብሽር! ይቺን ሰዓት አሳልፋት እንጂ ሌላው የአላህ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ምሽቱ የእነሱ ሆነ። ሽማግሌው መግሪብ ይሰግዳል፣ ባሌ መደቡ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። ሲጨርሱ ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ «ያረቢ፣ ይህን ልጅ አግራለት» ይላል፤ ቤተሰቡ «አሚን»፣ ባሌ «አሜን»። ከዚያ የሽማግሌው ሚስት ቀሪቦ በኩባያ ታቀርብላቸዋለች። ቀሪቦ የወሎ እስላሞች መጠጥ ነው፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት ተጋግሮ፣ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ በስኳር የሚጣፍጥ፣ መልኩ ጠላ የመሰለ፣ የማያሰክር። ያ ኩባያ ነው ያዳነው እላለሁ። እጁ የሚይዘው ነገር ይፈልግ ነበር።

እኔ መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። የጸበሉንና የዱዓውን ነገር ሲያደባልቀው፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ ሲያበቃ «አላህ ያግራልኝ» ብሎ ሲስቅ፣ ከሁለት ያጣ እንዳይሆን ብዬ ሰጋሁ። ቀስ በቀስ ግን ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ማታ በእግሩ ቆሞ ይገባል፣ ዳቦ ይዞ ይገባል፣ ስሜን ጠርቶ ይገባል። ሰማይ ቤት ማን እንደሰማው እኔ ምን አገባኝ? ለሁሉም አመሰገንኩ።

አሁን የማኅበሩን ነገር ልናገር። ባሌ ግንባር ላይ ሳለ፣ ከዚህ ካወጣኸኝ ማኅበርህን እጠጣለሁ ብሎ ለሚካኤል ተስሎ ነበር። ስለቱንም አደረሰ፤ በየወሩ በየተራ በአባላቱ ቤት የሚደገስ የሚካኤል ማኅበር ውስጥ ገባ። መጠጡን በተወ ጊዜ በሰው ቤት ሲሆን ጽዋውን ከከንፈሩ አስነክቶ ያሳልፍ ነበር። ያጉረመርማሉ፣ ግን ያልፉታል። ተራው የእኛ ሲደርስ ነው ጉዱ የመጣው። ደጋሽ ጠላውን መጀመሪያ ራሱ ቀምሶ ነው ለሰው የሚቀዳ። ከዚያም በፊት ጠላው እዚሁ ቤት ውስጥ ጋን ሞልቶ ይሰነብታል።

«ጠላ ከጠመቅሽ እዚህ ቤት አላድርም» አለኝ። ሊያስፈራራኝ አልነበረም። ለመነኝ።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። በጠላ ፈንታ ቀሪቦ ላቅርብ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ ጽዋው የሚከብረው በጸሎቱ ነው። ባልሽ ከዳነ ሚካኤል ምን ያስከፋዋል? አድርጊው» አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ከቀበሌው ሱቅ በራሽን የምትሰጠንን ስኳር ቆጥቤ ያዝኩ። የጎረቤታችን ሚስት መጥታ ገብሱን አብራኝ ቆላች፣ ይጥቆር እንጂ አይክሰል እያለች ተቆጣችኝ፣ አብራኝ ዘፈዘፈች። ባሌ የዚያን ሰሞን እየዘፈነ ነበር የሚሰፋው።

በቀኑ ሁሉም መጡ። አባታችን ጸሎቱን አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ባሌ አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ማንቆርቆሪያውን ያዘ፣ በሁሉም ፊት ቀመሰ፣ ለማኅበሩ ሙሴ፣ ለአለቃው፣ በጽዋው ቀዳለት። ሙሴው የእህል ነጋዴ ነው፣ ድምፁ ቀጭን፣ ራሱን እንደ ጳጳስ የሚቆጥር ሰው። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና አፉ ውስጥ ያዘው። ዋጠውና ጽዋውን አስቀመጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀሪቦ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ ከጓዳው በር ላይ ሆኜ።

«የእስላም መጠጥ ነው በሚካኤል ጽዋ የምታቀርቢልን?»

«አባታችን ፈቅደውልኛል።»

ሁሉም ወደ አባታችን ዞሩ። እኔም ዞርኩ። አባታችን በእጃቸው የያዙትን ጭራ አገላብጠው አዩት፣ ደግመው አገላበጡት። እኔ የነገሩኝን ቃል እስኪደግሙት ጠበቅኩ፤ ከባድ ቃል አልነበረም። በመጨረሻ «ልጆቼ፣ በሰላም እንለያይ» አሉ። ያችው ነች። ሙሴው ጽዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ ተነሳ፤ ሌሎቹም ዳቦውን ትተው ተከተሉት። ባሌ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ መሀል ቤቱ ቆሞ ቀረ። አባታችን መጨረሻ ላይ ወጡ፣ ሲወጡም ተሳለሚ ብለው መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። ተሳለምኩ፤ ዛሬ ቢሆን አልሳለምም።

እነሱ ማኅበራቸውን ያለ እኛ ቀጠሉ። ባሌ አረቄ ቤት አልሄደም፤ ይህን አስምሩልኝ። ከዚያ ሁሉ ውርደት በኋላም ማታ ማታ ወደ ጎረቤት ነበር የሚሄደው። ግን ስግደቱን እየተወ መጣ። «ሚካኤል ፊቱን አዞረብኝ» ይላል። ሽማግሌው ሲሰማ «መላይካው ሚካኤል መች ወጣ? የወጡት ሰዎቹ ናቸው» አለው። እውነቱን ነው፣ ግን ባሌ እንደዚያ አላየውም። ከዚያ ሁሉ እሳት ያወጣኝ እሱ ነው፣ አሁን አባረረኝ ብሎ ነበር የሚያምነው። በመጨረሻ ባሌ ራሱ ወደ ማኅበርተኞቹ አማላጅ ላከ።

ዕርቁ ይህ ሆነ፤ ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ይደግስ፣ በሥርዓቱ። እኔ አልጠምቅም ብዬ ተሟገትኩ፣ አለቀስኩ፣ ጋኑን እሰብራለሁ አልኩ። እህቱ ከዋጃ መጥታ ጠመቀችው። የጌሾው ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ባሌ እነዚያን ሌሊቶች ደጅ አደረ።

በዕለቱ ማንቆርቆሪያውን አነሳ። ለራሱ ቀዳና ቆመ። ወደ እኔ አየ። ሙሴው ሳቅ እያለ «ቅመስ እንጂ! አንድ ጉንጭ ሰው አይገድልም» አለ። ባሌ አንድ ጉንጭ አልጠጣም፣ እስከ አተላው ጨለጠው። ሴቶቹ እልል አሉ። አባታችን ባረኩት። እኔ በጓሮ በር ወጥቼ አጥሩን ይዤ ቆምኩ፤ ሰው እንዲህ በእልልታ ሲቀበር አይቼ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት አረቄ ቤት ነበር። ሽማግሌው ማታ ማታ ሁለት ኩባያ አስቀርቦ ይጠብቀው ነበር። ሳይመጣ ሲቀር፣ በዕድሜው ሁሉ በአረቄ ቤት በር ቆሞ የማያውቅ ሰው፣ ሄዶ በር ላይ ቆሞ ስሙን ጠራው። ባሌ ወጥቶ «አባባ፣ ይሂዱልኝ፣ ሰው ያይዎታል» አለው። ሽማግሌው ይህን ሲነግረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይናደድ በኦሮምኛ ተናገረ። ምን እንዳለ አልጠየቅኩትም።

ማሽላው ሳይታጨድ ባሌ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሞተ።

ለአርባው ተዝካር ማንንም አላማከርኩም። እህቱ ጌሾ ይዛ ስትመጣ ጌሾውን ተቀብዬ ጓሮ ደፋሁት። ከጎረቤታችን ሚስት ጋር ገብስ ቆላን፣ አሁን ግን እንዳይከስል ብላ አልተቆጣችኝም። ማኅበርተኛው በሙሉ መጣ። ራሴን ተላጭቼ፣ ከል ለብሼ ማንቆርቆሪያውን ራሴ ያዝኩ። በፊታቸው ቀመስኩ፣ ለሙሴው ቀዳሁለት።

በመጀመሪያው ጉንጭ አወቀው። አፉ ውስጥ ያዘው። ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ዓይኔን አልሰበርኩም። አንድ ቃል እንዲናገር በሙሉ ልቤ ጸለይኩ፤ የምመልስለትን አዘጋጅቼ ነበር። ዋጠው። «ነፍስ ይማር» አለና ጽዋውን ለጎኑ አሳለፈ። ጎኑ ያለውም ጠጣ። አባታችን ጠጡ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ። የእስላም መጠጥ ነው ያለ አልነበረም።

ጓሮ ስወጣ ጎረቤቴ ኩባያ ታጥባለች።

«ጠጡት?» አለችኝ።

«ጠጡት፣ እህቴ። ደግሚን አሉኝ።»

እጇን ውሃው ውስጥ እንደነከረች አለቀሰች። እኔ ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ ወደ እነሱ ተመለስኩ።