የበሩ ሕግ

በቤታችን አንድ ሕግ ነበር፤ ያወጣሁትም የማስከብረውም እኔው። ወንድና ሴት አንድ ክፍል ከገቡ በሩ ክፍት ይሆናል። ኮሌጅ የገባው ወንዱ ልጄ ሴት ጓደኛ ይዞ ሲመጣ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ልብስ አጣጥፋለሁ፤ ሲያልቅብኝ የታጠፈውን ፈትቼ እንደገና አጣጥፋለሁ። ፊቴ እንደተቋጠረ፣ በሆዴ ግን ተመስገን እላለሁ። ቢያንስ ሴት ናት።

ታላቅ እህቱ በዚህ በኩል አስቸግራኝ አታውቅም። ወንድ የሚባል ወደ ቤት አላመጣችም። የምታመጣው አንዲት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋን ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ሳህን አጣቢ፣ በርበሬ የማትችል። ዓርብ ዓርብ በሩን ዘግተው ያጠናሉ። እኔም እንዳልረብሻቸው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሼ፣ አልጫ በትሪ ይዤ፣ አንኳኩቼ እገባለሁ። በማኅበራችንም አፌን ሞልቼ፣ "የኔ ልጅ ወንድ ቀና ብላ አታይም" እላለሁ። ሌሎቹ እናቶች እንዴት አድርጌ እንዳሳደግኳት ይጠይቁኛል፤ እኔም ሳልሳሳ እመክራቸዋለሁ።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎችን መደገፊያ የሆነ የቀስተ ደመና ባጅ ይታደለናል። ደረቴ ላይ አድርጌው እውልና፣ ስካርቦሮ የምንኖርበት ሕንፃ ፓርኪንግ ስደርስ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። ባለፈው ሰኔ አንዲት ፊሊፒናዊት የሥራ ባልደረባዬን በመኪናዬ ስሸኛት አለቀሰች። ልጇ ወንድ እንደሚወድ ነግሯት ነበር። ልጅ ልጅ ነው አልኳት፤ አምላክ ሲሰጥሽ መርጠሽ አልተቀበልሽም፤ እቀፊው፣ የሰው ወሬ ያልፋል። በእንግሊዝኛ ደግ መሆን ቀላል ነው። አብራን የነበረችው ሴት ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ትሰማለች።

ሴትዮዋ ሰብዌው ባቡር ጣቢያ ጋ ስትወርድ ልጄ ወደ ፊት ወንበር ተዛወረች።

"ማሚ፣ ያልሻትን ሪሊ ሚን አድርገሽው ነው፣ ከልብሽ?"

"ታዲያ ልዋሻት ነው?"

"እንደሱ ከሆነ ለኔም በይኝ። በአማርኛ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላዬ ያሉት ጡሩምባ ይነፋሉ። እኔ ግን ትሪውንና የተዘጋውን በር እያሰብኩ ነበር። ከአፌ የወጣው፣ "ይሄን ማን አስተማረሽ?" የሚል ሆነ። ቤት እስክንደርስ ፊቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም።

ከዚያ በኋላ ንግግራችን "በላሽ?" "በላሁ" ብቻ ሆነ። ጓደኛዋም ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት ወንድሟ፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር የሚከራይ ሩም እያየች እንደሆነ ነገረኝ። ፈራሁ። የሰው ወሬ አይደለም ያስፈራኝ፤ ልጄ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ታየችኝ።

ቢጨንቀኝ ለባልደረባዬ ነገርኳት። እጄን ይዛ የገዛ ስብከቴን አንድም ሳታስቀር መለሰችልኝ። ተናደድኩ። ላንቺ ለመናገር ቀላል ነው ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

በዚያው ዓርብ ልጄን፣ "ጓደኛሽን ጥሪያት፣ አልጫ ሠርቻለሁ" አልኳት። ልጅቷ መጣች። አንገቷን ደፍታ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ተከታትለው ወደ ክፍሉ ገቡ፤ በሩም እንደ ልማዱ ተዘጋ።

የልብሱን ቅርጫት ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ ለባልደረባዬ ያልኩትንም ለልጄ ማለት ነበረብኝ። አንኳኳሁ።

"በሩን ክፍት አድርጉት" አልኩ።

ልጄ ከፍታ፣ ምን ማለቴ እንደሆነ ፊቴ ላይ ትፈልግ ጀመር።

"ወንድምሽም ሴት ጓደኛውን ሲያመጣ ሕጉ ይኸው ነው" አልኳት።

ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። "ኦኬ ማሚ" አለችና በሩን ግድግዳው እስኪነካ ወለል አድርጋ ከፈተችው። እኔም ቁጭ ብዬ ልብሴን ማጣጠፍ ጀመርኩ።