የፉጨት እናት

ሁለት እጆቿ ሊጥ ውስጥ ናቸው። ሌላው ጋጋሪ አንዱን ሊጥ በሁለት እጁ ሲያባብል፣ እሷ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ መዳፏ አሽከርክራ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ታድበለብልና ትሪው ላይ ጎን ለጎን ታስቀምጣቸዋለች፤ መንታ እንደምታስተኛ እናት። በዳቦ ቤቱ ይህን የሚችል ሌላ ሰው የለም። አንድ ነበረ፤ እሱም ከእሷው የተማረ ልጇ ነው።

ልጇን ሰፈሩ ሁሉ «ፉጨት» ይለው ነበር። ሥራው በብስክሌት ዳቦ ማድረስ ነበር። የፎቅ ደረጃ ሲወጣ በር አያንኳኳም፤ ያፏጫል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ የረጅሟ መጨረሻ ወደ ላይ ቀና ትላለች። ያቺን የሰማ ሁሉ ሳህን ይዞ በሩ ላይ ብቅ ይላል።

«ከንፈርህ አንድ ቀን እንደ ሾለ ይቀርልሃል!» ትለው ነበር እናቱ።

«ለመሳም ይመቸኛል» ይልና ጉንጯን ስሞ ይፈተለካል።

እንዲህ እንዲህ እያለ የእሷ የራሷ ስም ተረሳ። ለባለሱቁም፣ ለጎረቤቷም፣ ለሥራ ባልደረቦቿም «የፉጨት እናት» ሆነች። «ጋሼ» የሚሏቸው የዳቦ ቤቱ ባለቤት በየጠዋቱ «የፉጨት እናት! ምድጃው!» ብለው ሲጮኹ መንገድ ማዶ ይሰማል። እሷም «መጣሁ ጋሼ!» ብላ ትሮጣለች።

ከወረርሽኙ በፊት በነበረው ክረምት፣ መንገዱ በዝናብ እንደ ሳሙና በሚያንሸራትትበት ቀን፣ የጭነት መኪና ልጁን ከነብስክሌቱ መታው። አልተረፈም።

ሰው መጣ፣ አለቀሰላት፣ አጽናናት፣ ወደየቤቱ ሄደ። እሷም ወደ ሊጧ ተመለሰች። ያኔ አንድ ነገር ታወቃት፤ ስሟ ጠፍቷል። ባለሱቁ «የፉ...» ይልና ትኩስ ነገር እንደ ጎረሰ ሰው ዋጥ አድርጎ «እመቤት» ይላታል። ጎረቤቷ «ስሚ እስኪ» ትላለች። ጋሼም «እህቴ» ማለት ጀመሩ። ክፋት የለባቸውም፤ ቁስሏን ላለመንካት ነው። እሷ ግን ወደ ሁለት ክፍል ቤቷ ስትመለስ፣ በር ጀርባ የቆመችውን የብስክሌት መንፊያ እያየች፣ «አንዴ ቀበርኩት፤ እነሱ ደግሞ በየቀኑ በዝምታ ይቀብሩታል» ትላለች። ስሙን የሚያነሳላት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አማራት።

በዚህ መሀል ወረርሽኙ መጣና ከተማው አፉን ሸፈነ። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ወንበር እየዘለሉ መቀመጥ ሆነ። እጇ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጠቀ፤ ሊጡ ውስጥ ስታስገባው ያቃጥላታል። ዳቦ ቤቱ ግን አልተዘጋም፤ ሰው በሩ ሲዘጋበት ይብስ ሆዱ ይከፈታል። ሠራተኛው ሁሉ ነጭ ካፖርት፣ ነጭ ቆብ፣ ነጭ ማስክ ለብሶ የተላጠ እንቁላል መሰለ። ማን ማን እንደሆነ መለየት ጠፋ።

አንድ ጠዋት «ራዲዮ» የሚሏት ወሬኛ ገንዘብ ተቀባይ እየጮኸች ከጓዳ ወጣች። «ጉዴ ፈላ! ሊጥ አቡኪው ባሌ መስለውኝ ጋሼን ጀርባቸውን ደለቅኳቸው!»

ጋሼ ጀርባቸውን እያሹ ተከትለዋት ወጡ። «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ስሙን ደረቱ ላይ ይለጥፍ!» አሉ።

ነጭ ፕላስተር ተቆራረጠ፣ እስክሪብቶ ዞረ። ራዲዮ «ራዲዮ» ብላ ጻፈች። ባሏ «የራዲዮ ባል» ብሎ ለጠፈ። ጋሼ «ባለቤት» ብለው ቢጽፉ ራዲዮ ከት ብላ ሳቀች።

«የማን ባለቤት? የኔው እዚህ ቆሟል!»

እሷም እጇን በሽርጧ ጠርጋ እስክሪብቶውን ተቀበለች። በትልልቅ ፊደል ጻፈችና ለጠፈችው። «የፉጨት እናት» ይላል።

ሳቁ ቀጥ አለ። ራዲዮ እንኳ ባትሪዋ እንዳለቀ ዝም አለች። ጋሼ በእጃቸው ጠቅሰው ወደ ዱቄት ማከማቻው ወሰዷት።

«እህቴ፣ ይሄን ነገር ብታነሺው?»

«ለምን ጋሼ?»

«ደንበኛው ሁሉ ያውቀዋል። ያየ ይደነግጣል። አንቺም ቁስልሽ ያገረሽብሻል።»

«የኔ ቁስል መች ዳነና ነው የሚያገረሸው? የፈሩት ለኔ አይደለም።»

ጋሼ ዓይናቸውን ወደ ዱቄቱ ጆንያ መለሱ። ልጁን ብስክሌት ያስተማሩት፣ ኮርቻውን ከኋላ ይዘው እያለከለኩ የሮጡለት፣ እሳቸው ነበሩ። «ያንን ስም ስሰማ ሰውነቴ አይታዘዘኝም» አሉ በማስካቸው ውስጥ።

«ታዲያ እርስዎ እንዳያለቅሱ እኔ ልጅ ያልወለድኩ ልሁን?»

ጋሼ የጆንያውን አፍ አጥብቀው አሰሩና፣ «እስከ ምሳ ሰዓት ይቆይ። ሰው ከከፋው ግን ታነሺዋለሽ፤ ቃልሽን ስጪኝ» አሉ። ቃሏን ሰጠች።

ራዲዮ ክንዷን ይዛ ወደ መሸጫው መስኮት ጎተተቻት። «የመጣው ይምጣ! እንደ ሌባ ጓዳ ተደብቀሽማ አታነሺውም።»

ውጭ ሰልፈኛው አስፋልቱ ላይ በተቀቡት ክቦች ውስጥ ተራርቆ ቆሟል። የመጀመሪያዋ ሴት ፕላስተሩን አነበበች፣ ዓይኗን ሰበረች፣ ዳቦዋን ይዛ ፈንጠር ብላ ቆመች። ቀጥሎ የመጣው ሽማግሌም አንገቱን ደፋ። ጋሼ ከበሩ ሥር ሆነው ያያሉ። እሷ እጇን ወደ ፕላስተሩ ሰደድ አድርጋ መለሰችው።

ከዚያ አንድ ረጅም ሰው መጣ። ለሰፈሩ እንግዳ ነው። አነበበና ግራ ገባው።

«የፉጨት እናት? ይቅርታ እናቴ፣ እዚህ ቤት ዳቦ የሚጠየቀው በፉጨት ነው እንዴ?»

መልስ ሳይጠብቅ በማስኩ ውስጥ ሞከረ። ፉጨቱ አልወጣም፤ «ፉፍፍፍ» አለና ማስኩ እንደ ፊኛ ተነፋ። ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠውና ደንግጦ አፉን ያዘ። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ወደ እሷ ዞረ።

እሷ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰች መሰላቸው። ሳቋ ነበር፤ ልጇን ከቀበረች ወዲህ ከሆዷ የወጣ የመጀመሪያው ሳቅ።

«አይ ልጄ! ፉጨት ማለት ልጄ ነው። እዚህ ዳቦ ያደርስ ነበር። ሞተብኝ።»

«ውይ! አፌን ቁርጥ ያርገው!»

«ቁርጥ አያርገው። ሌላም ጠይቀኝ።»

ሰውየው ተደናገረ። «እሺ... እንዴት ነበር የሚያፏጨው?»

ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። «እኔ ፉጨት አልችልበትም። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። መጨረሻዋ ላይ...»

«ቀና ትላለች!» አለች ዳቦዋን ይዛ የቆመችው ሴት፣ ወደ መስኮቱ እየተመለሰች። «የኔ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ስሰማው ሻይ እቀዳለታለሁ። ዛሬም ሻይ ስጥድ ጆሮዬ ደረጃው ላይ ነው፣ የፉጨት እናት።»

ተጠራች።

«ለኔ ደግሞ ጫፉ የተገመጠ ዳቦ ያመጣልኝና አይጥ ነው ይለኛል» አለ ሽማግሌው። «የዳቦ ፍርፋሪው ግን ጢሙ ላይ!»

ሰልፉ በሳቅ ተናጠ። ሌላውም የራሱን አመጣ፣ ከኋላ ያለውም «አይሰማም፣ ጮክ በሉ!» አለ። በዚህ መሀል ከሰልፉ፣ ከየትኛው ማስክ ሥር እንደሆነ ሳይታወቅ፣ አንድ ፉጨት ወጣ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻዋ ቀና ያለች። ከዚያ መንገዱ ሙሉ ሰው ሞከረ። አብዛኛው «ፉፍ» ብቻ ነው፤ ማስክ ይነፋል፣ ማስክ ይሟሽሻል። ከላይ የፎቆቹ መስኮት ተከፈተ፤ ሳህን የያዘች ሴትም አንገቷን አወጣች።

ጋሼም ሞከሩ። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ሸርተት ብሎ ወደቀና ማስካቸውን እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ነፋው።

«ጋሼ ወለዱ!» ጮኸች ራዲዮ።

ጋሼ ፊታቸውን አዙረው ጥርሳቸውን መለሱ። እንባቸው በማስኩ ጠርዝ ይወርዳል፤ ይስቃሉም። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው፣ መንገድ ማዶ በሚሰማው በዚያ በድሮው ድምፃቸው ተጣሩ።

«የፉጨት እናት! ምድጃው!»

«መጣሁ ጋሼ!»

ስትደርስ ዳቦው አሯል። ያን ቀን የሸጡት ከታች የጠቆረ ዳቦ ነበር፤ አንድም ሰው አልመለሰም።

ወረርሽኙ አለፈ፣ ማስኩም ወለቀ፣ የሁሉም ፕላስተር ተነሳ። የእሷ ግን አልተነሳም፤ በቀይ ክር ካፖርቷ ላይ ጠልፋዋለች። አሁንም ሁለት እጇ ሊጥ ውስጥ ነው፣ አሁንም መንታ ታስተኛለች፣ ቀኑን ሙሉም በመስኮቱ በዚያው ስሟ ትጠራለች። አንዳንድ ቀን ታለቅሳለች። ታለቅስና ፊቷን በክንዷ ጠርጋ፣ ግንባሯ ላይ ዱቄት አስቀርታ ትቀጥላለች።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልጇ የሞተባት እናት፣ ልጁ የሞተበት አባት በጎረቤታችሁ ካለ፣ ነገ ጠዋት ስታገኟቸው በልጃቸው ስም ጥሯቸው። ቢያለቅሱ አትሽሹ፤ አጠገባቸው ቁሙና ስለ ልጁ ጠይቋቸው።